ያለፈውን ሰርጌን ለማዳን የከረምኩበት ክረምት

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

የሰፈራችን ነርስ ደንበኛዬ ናት። ትናንት ፀጉሯን እየተኮስኩላት ስለ አማቴ መርሳት ስነግራት፣ «የሚበሉትን፣ እንቅልፋቸውንና ጠባያቸውን በየቀኑ ጻፊው፤ ሐኪም ሲያያቸው ይጠቅማል» አለችኝ። ስለዚህ ይህን ደብተር ገዛሁ። ሌላ ነገር አልጽፍበትም።

ቁርስ፦ ዳቦ በሻይ፣ ግማሹን። ምሳ፦ ሾርባ። እንቅልፍ፦ ደህና። ጠባይ፦ እንደ ድሮው።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ቁርስ፦ እንቁላል። አስኳሉን ትተውታል።

«እንደ ድሮው» ያልኩት ትንሽ ማብራሪያ ሳይፈልግ አይቀርም። ሐኪሙ ድሮውን ከየት ያውቀዋል? እማማ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ደግ ቃልም እንዲሁ። ሰርጌ ላይ ዘግይተው መጥተው ቀድመው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «የልጄ ሚስት» ነኝ። ዳቦ ሻጯን «ልጄ» ይላሉ። መንገድ ላይ ሰዓት የጠየቀቻቸውን ሴት «ልጄ» ይላሉ። እኔ ታመው በሌሊት ተሸክሜያቸው ስሮጥ፣ «የልጄ ሚስት፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ልትጥይኝ ነው» ነው ያሉኝ። ቅር ብሎኝ አይደለም። እንዲያው ሐኪሙ እንዲያውቀው ነው።

የሚኖሩት ከባሌ ታላቅ እህት ከእትዬ ጋር ነው። እትዬ ቤቷን ስለምታድስ እስከ ሐምሌ መጨረሻ እኛ ጋ ይቆያሉ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ማንም ይችላል።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ቸኩያለሁ። ሁለት ሰው ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጧል።

ፀጉር ቤቴ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ መሃል ላይ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። እማማ በዚያ በር ብቅ ብለው ደንበኞቼን፣ «እናንተ ቤት ማበጠሪያ የለም?» አሏቸው። አንዷ ተቀይማ በእርጥብ ፀጉሯ ወጣች። ውጪው ዝናብ ስለነበር ለውጥ የለውም ብዬ ተጽናናሁ።

ምሳ፦ ምን እንደነበር ረሳሁት። በልተዋል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ ማታ

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዛሬ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ እናቱን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

«የመብራት ቆጣሪው በረንዳው ላይ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ። ባለፈው ወርም አብዝተህ ነው የጻፍክብን። ሂድ አንብብና በጊዜ ውጣ።»

ባሌ እኔን አየኝ። እኔ ድስቱን አየሁ። ወጣና በረንዳው ላይ ትንሽ ቆሞ ተመለሰ። «በዚህ ወር ጥቂት ነው የቆጠረው፣ እማማ» አላቸው። «እግዜር ይስጥህ» አሉት። እራቱን ሳይጨርስ ተኛ።

ነርሷን በስልክ ጠየቅኳት። «አትከራከሯቸው። እሳቸው ያሉበት ዘመን ድረስ እናንተ ሂዱላቸው» አለችኝ። ለአፍ ቀላል ነው። በየትኛው በር ነው የሚገባው?

ሰኔ 15፣ እሑድ

ልጄ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ይበላል። ሰሃኑን እንኳ ሳያነሳ ያዝኩት።

«አንተ፣ ሰው ወደ ድሮ ዘመን መሄድ ይችላል?»

«ማየት ይችላል። መሄድ ግን አይችልም» አለኝና በማንኪያው ጣሪያውን እያሳየ አስረዳኝ። ማታ የምናየው ኮከብ የዛሬው አይደለም አለ። ብርሃኑ ከቤቱ ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ እስኪደርስልን ኮከቡ ራሱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። መስታወትም እንደዚያው ነው፤ ብርሃኑ ሄዶ እስኪመለስ እጅግ በጣም ትንሽ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ሰው መስታወት ውስጥ የሚያየው የአሁኑን ራሱን አይደለም።

ይህቺን ወድጃታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ፊት ሴት ሳስቀምጥ ኖሬ፣ ሁሏም ራሷን ልጅ አድርጋ የምታየው ለምን እንደሆነ ዛሬ ገና ገባኝ።

«መሄድስ ለምን አይቻልም?»

«ሄደሽ የአባቴን ሰርግ ብታበላሺ እኔ አልወለድም። እኔ ካልተወለድኩ አሁን ማን ያስረዳሻል?»

«ሌላ ጎበዝ ልጅ እወልድ ነበራ» አልኩት። ባሌ ሾርባው ትን አለው።

እማማ ልጄን ዓይን ዓይኑን ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ከሳህብኝ» አሉት። ቀጥለውም በአባቱ የልጅነት ስም ጠሩት። መልኩ እውነትም የያኔው አባቱ ነው። የአሁኑ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ ራሰ በራውን እየዳበሰ ዳቦ ይቆርሳል።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ ሄድኩ። ልጄ አይቻልም ያለው ቦታ ሄድኩ፤ ማበጠሪያ ይዤ።

ከሰዓት ደንበኛ ስላልነበረ እማማን መስታወቱ ፊት አስቀምጬ ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «ስኳሬ» አሉኝ። ስኳሬ የድሮ ጎረቤታቸው፣ የልብ ጓደኛቸው ነበሩ። እኔ ካገባሁ ብዙም ሳይቆዩ ነው ያረፉት።

«ስኳሬ፣ ጉዴን ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ» አልኩ።

«ምን ሆነሻል ዛሬ? ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የምትይኝ?»

ሠላሳ ዓመት «እርስዎ» ያልኳቸውን ሴት «አንቺ» ማለት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደመግባት ነው። «እ... ንገሪኝ» አልኩ። ጣሪያው አልወደቀም።

«ልጄ ሴት ይዟል።»

«የማንን ልጅ?»

«ማን ያውቃል። መናኸሪያው አጠገብ ፀጉር የምትሠራ ናት። ረጅም። ለፍላፊ! አፏ አይገጠምም። ልያት ብዬ አንድ ቀን በመስኮት ባይ፣ መቀስ ይዛ ታወራለች፤ ማበጠሪያ ይዛ ታወራለች፤ ደንበኛዋ እንቅልፍ ወስዷታል፣ እሷ ታወራለች።»

መናኸሪያው አጠገብ ፀጉር የምሠራው እኔ ነበርኩ።

«ሳቋ ደግሞ!» አለች።

«ሳቋ ምን ሆነ?»

«ባዶ ጣሳ ደረጃ ላይ ሲንከባለል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። እኔ ለፍላፊ! ሰው ማጫወት እኮ ሥራዬ ነው። ፀጉር ቤት አፏን ዘግታ የምትሠራ ሴት ደንበኛ አታገኝም፤ ሰው ለፀጉሩ ብቻ ቢሆን እቤቱ ይታጠብ ነበር። ያኔ ደግሞ የተኛችው ደንበኛ ትዝ ትለኛለች፤ ያደረችው ለቅሶ ቤት ነው፤ የእኔ ጥፋት አይደለም። ሳቄንም ቢሆን እስከዛሬ ማንም ነቅፎት አያውቅም። እንዲያውም አንድ ጊዜ የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳቅሽን ስሰማ ሰዓቱ ምሳ መድረሱን አውቃለሁ ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ምሳ ሰዓት ላይ... ይኸው ገጹ አለቀ።

ሰው ወደ ድሮ ቢሄድ ምን ያገኛል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የራሱን ሐሜት ነው የሚያገኘው።

እራት፦ ሩዝ። ደህና በልታለች።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

የትናንቱን አነበብኩት። መሃል ላይ «አንቱ» ማለቱን ጥዬዋለሁ። ልሰርዘው ብዬ ነበር። ተውኩት። ስኳሬ አንቺ ነው የምትላት።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ለባሌና ለልጄ ነገርኳቸው። ባሌ ጣሳዋ ላይ ስደርስ ሶፋው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ቆጣሪ አንባቢ ከሆነ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው መጀመሪያዬ ነው።

«ምን ያስቅሃል?»

«ልክ ነቻ! እኔም እኮ የያዝኩሽ በድምፁ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሰምቼ ነው ወርጄ የፈለግኩሽ።» ይህን ተናግሮ እንዳልተናገረ ሰው ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አልነገረኝም።

ልጄ ግን ከልቡ ሰግቷል፤ ወይም እያሾፈ ነው። «እማዬ፣ አደራሽን። ስኳሬ ሆነሽ ክፉ ምክር እንዳትመክሪ። ሰርጉ ከተሰረዘ እኔ የለሁም» አለና እጁን አምፖሉ ላይ ዘርግቶ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ አየ።

ወስኛለሁ። ስለ ልጅቷ ደግ ደጉን እነግራታለሁ። ያኔ የሚያማልደኝ ሰው አልነበረኝም።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

በችኮላ። የዛሬው ውሎ፦

«ልጅቷ ባለሙያ ናት አሉ።» «ማን አለ?» «ደንበኞቿ።» «እነሱማ ተኝተው ነበር።»

«ሰው ትወዳለች አሉ።» «ሰው ባይኖር ከማን ጋር ልታወራ?»

«ቁመናዋስ?» «እሱን አልክድም።»

የመጨረሻዋን በቀይ አሰመርኩባት።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

እትዬ ደወለች። ቤቱ አልቋል፤ ቀለም ብቻ ቀርቶታል። በሃያ ሰባት እሑድ መጥታ እናቷን ትወስዳለች። ነርሷ ስትሰማ፣ «ታድለሽ፣ ልትገላገይ ነው» አለችኝ። አዎ አልኳት። ታዲያ ምን እላለሁ?

ግን እንዲህ እያሰብኩ ነው። እሷ እትዬ ቤት ከገባች ስኳሬ የለችም። እትዬ ደግ ሴት ናት፤ ግን ለሁሉ ነገር «እማዬ፣ ስኳሬ እኮ ሞታለች» የምትል ዓይነት ናት። እስከዚያ ድረስ እማማ ያቺን ልጅ ካልተቀበለቻት፣ መቼም አትቀበላትም ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ይህ ነገር ምኔም አይደለም። ሥራ አለኝ፣ ባል አለኝ፣ ልጅ አለኝ።

አራት ሳምንት አይሞላም።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ጥፋት! ሙሉ ጥፋት!

እኔ ኩሽና ነበርኩ። እማማ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣው ድምፅዋ በበሩ በኩል ይሰማኛል።

«ያቺን ፀጉር ሠሪ ላታገባት ማልልኝ።»

«የትኛዋን?» አለ ልጄ።

«መናኸሪያው ጋ ያለችውን ለፍላፊ። ምነው፣ ስንት አሉህ?»

«እሷን... እሷንማ አላገባትም።»

«በእናትህ ማል!»

«በእናቴ እምላለሁ፣ እሷን አላገባትም።»

ጭልፋዬን ይዤ ወጣሁ። «ምን አደረግክ አንተ!»

«እማዬ፣ ታዲያ ምን ልበል? አገባታለሁ ልበል?»

ባሌ ከሶፋው ላይ፣ «እውነቱን እኮ ነው። እሱ እንኳ ሊያገባሽ አይችልም» አለ።

«አንተ ዝም በል፤ ሂድና ቆጣሪህን አንብብ!»

ደነገጠና በእውነት ተነስቶ ሄደ።

እንቅልፍ፦ እንደ ሕፃን። ጠባይ፦ እጅግ ደስተኛ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ደስ ብሏት አላየኋትም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ፀጉር ቤት ገብታ ለደንበኞቼ፣ «ደስ ይበላችሁ፣ ልጄ ከመከራ ተረፈ» አለቻቸው።

«እሰይ! እልል! ከምን ተረፈ?»

«ከፀጉር ሠሪ።»

ሁሉም መስታወቱ ውስጥ እኔን አዩኝ። እኔ የነርሷን ፀጉር ከሚገባው በላይ ተኮስኩት።

ሞኝ ነኝ። ያገባሁት ሰው ማታ አጠገቤ ያንኮራፋል፤ እኔ ሰርጌ ቀረ ብዬ ከንፈሬን እነክሳለሁ። እራት ላይ፣ «ተለያይተናል እኮ፣ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ሰሞኑን ነው?» አለና ዳቦ አቀብይኝ አለኝ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

እግሯን እያጠብኩላት ነበር። ሰበብ ፍለጋ ሰልችቶኝ ፊት ለፊት ጠየቅኳት።

«ልጅቷን ለምን ጠላሻት?»

«ጠላኋት የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል?» አለች። ረሳችው ብዬ ፎጣውን ሳነሳ፣ «አባቱ ከሞተ ወዲህ እኔና ልጄ እራታችንን እንበላለን፤ ከዚያ ዝም ነው። ምን እንላለን? ያን ቀን በመስኮት ሳይ ግን እሷ አጠገብ ቆሞ ይስቃል። ጥርሱን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ስኳሬ፣ እዚያ ሳቅ እያለለት ወደዚህ ዝምታ ለምን ይመለሳል?» አለች።

«ይመለሳል» አልኳት። «ማታ ማታ እየመጣ ያይሻል።»

«የታለ? እኔ አላየሁትም።»

ልክ ይህን ስትል በሩ ተከፈተና ባሌ በደንብ ልብሱ ገባ። «ቆጣሪው በረንዳው ላይ ነው» አለችው።

«እሺ፣ እማማ» አለ።

ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ከዚህ በላይ አልጻፍኩም። እራት፦ ሾርባ። ሁለቴ ጨምሬላታለሁ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ዘዴ አገኘሁ። «ስኳሬ እንዲህ ትላለች» አልኳት፤ «ሰው በመስኮት አይታይም። በበር ታስገቢያትና ታያታለሽ። እሑድ ላምጣልሽ።»

አሰበች። «አምጪያት። ቀረብ ብዬ ከጠላኋት ግን ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ አንቺም ስሟን አታነሺብኝም።»

ይህንን ለባሌ አልነገርኩትም። ነገርኩት እንጂ፣ እንዳልፈራሁ አድርጌ ነው።

ንግግር እያዘጋጀሁ ነው። አጠር ያለ። እስካሁን አምስት ገጽ ደርሷል።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ያኔ እለብሳት የነበረችውን ቢጫ ቀሚስ ከሳጥኑ ስር አወጣሁ። እስከ ወገቤ በፍቅር ወጣች። ዚፑ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ነርሷ ጀርባዬን በፀጉር መቆንጠጫ እያያያዘች፣ «አትተንፍሽ» አለችኝ። ካልተነፈስኩ ንግግሩን በምን እናገራለሁ? ከላይ ሻርፕ ጣል አደርግበታለሁ።

ፀጉሬን ቀባሁ። የሰው ፀጉር ሳጠቁር ኖሬ የራሴን ነገር ረስቼው ነበር ለካ። ጣቶቼ ግን አብረው ጠቆሩ፤ ታጥበው አልለቅ አሉ።

ልጄ ሙሽራ ሆኖ አጠገቤ መቆም አልፈልግም አለ። «ምያለሁ» ይላል። በር ከፋች ብቻ ሁን ብዬ ለመንኩት።

ሐምሌ 20፣ እሑድ ማታ

ሰው ላለመቀስቀስ በደብዛዛ መብራት ነው የምጽፈው፤ ጽሑፉ ካልተነበበ ሐኪሙ ይቅርታ ያድርግልኝ።

ምሳ እንደተነሳ ስኳሬ ሆኜ፣ «ላምጣት» ብዬ በጓሮ ወጣሁ። ቀሚሷን ለብሼ፣ በዝናቡ ቤቱን ዞሬ፣ የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ። የሃምሳ ዓመት ሴት ልብ እንዲህ አይመታም። ልጄ ከፈተልኝ። ከንፈሩን ነክሷል።

እማማ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከእግር ጥፍሬ እስከ ፀጉሬ አየችኝ። እንደገና ከፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ወረደች።

«ይቺ ናት?»

«አዎ» አለ ልጄ።

ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ «ልጄ፣ ይቺማ የእኔ እኩያ ናት» አለችው።

በመስኮቱ በኩል ባሌ በረንዳው ላይ ቆጣሪው ፊት ቆሞ ይታየኛል። ትከሻው ይርገበገባል። እኔ ንግግሬን ልጀምር አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያው፣ «የተከበሩ እማማ፣ ስለ እኔ ብዙ እንደሰሙ አውቃለሁ» ነበር። ከዚያ ስለ ሙያዬ፣ ከዚያ ስለ ቤተሰቤ፣ ከዚያ ስለ ተኛችው ደንበኛ የሚል ነበረው።

«እጅሽን አምጪ» አለችኝ።

ሰጠኋት። ገለበጠችው። ቀለም የነካቸውን ጣቶቼን፣ ሻምፖ የሰነጣጠቀውን መዳፌን አየች። ሳበጥራት አንዳንዴ እንደምታደርገው አውራ ጣቴን ያዝ አድርጋ አሻሸችው።

«ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አለች።

«የት ነው የማውቀው?» ልጄን ጠየቀችው። ልጄ መሬት መሬት አየ። እሷም ፍለጋውን ተወችውና እጄን በሁለት እጇ ሸፈነችው።

«በርዶሻል። ዝናብ ላይ አቆሙሽ እንዴ? ነይ፣ ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ላይ አንድ መቆንጠጫ ጧ ብሎ ተፈናጠረ። ማንም አልሳቀም።

ንግግሩ ጠፋኝ። ሁሉም። አምስቱም ገጽ። አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም አይወጣም፤ እዘጋዋለሁ።

«እናትሽ በሕይወት አሉ?» «የሉም» ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

«ትሠሪያለሽ?» አንገቴን ደፋ አድርጌ አዎ አልኩ።

«ልጄን ትወጂዋለሽ?»

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ባሌ መሳቁን ትቶ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ እኛን ያያል። ደግሜ አንገቴን ደፋ አደረግኩ።

እማማ ወደ ልጄ ዞረች፤ ተቆጥታለች። «ማን ነው ይቺን ለፍላፊ ያላት? ድዳ ናት እንጂ! ምስኪን!» ትንሽ አሰበች። «ዕድሜዋ ገፋ ብሏል። ግን ዝምተኛ ናት። ይሁን። መሐላህን እኔ አንስቼልሃለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለ ልጄ። በሕይወት የመኖር ፈቃድ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

አሁን ሁሉም ተኝተዋል። እኔ ደግሞ አልቅሼ አይደለም፤ የፀጉር ቀለም ለዓይን መጥፎ ነው። በየጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

እራት፦ ረሳሁት።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

እትዬ መኪና ይዛ መጣች። ሻንጣው ተዘግቶ በር ላይ ቆሟል። እማማ ከወንበሯ ንቅንቅ አልልም አለች።

«ሰርግ አለብኝ። ልጄን ሳልድር የት ልሂድ?»

«የማን ሰርግ ነው?» አለች እትዬ።

«የእኔ» አለ ባሌ።

እትዬ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋት፤ ይበልጥ ግራ ገባት። «እማዬ፣ ስኳሬ እኮ...» ብላ ስትጀምር ባሌ ሻይ አፏ ላይ ደቀነላት።

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። ግዴለም አልኳት። ዝናቡ ገና ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አዲስ ቀለም ደግሞ ለአሮጊት ሳንባ አይሆንም፤ አንዲት ደንበኛዬ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ገብታ ሁለት ሳምንት ነው ያሳላት፤ ፍራሿም ከባድ ነው፤ ፀጉሯን ደግሞ እዚያ ማን ያበጥርላታል? ለአንቺም ዕረፍት ነው። ለእኔ ማስቸገሩን አያስቸግረኝም፤ ያስቸግረኛል፣ ግን ለምጄዋለሁ። ሰርጉ እስኪያልፍ ትቆይ።

«ሰርጉ መቼ ነው?» አለች እትዬ።

«ቀን አልቆረጥንም።»

እትዬ ዓይን ዓይኔን ብዙ አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም። ሻንጣውን ራሷ ፈታችው።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

እማማ በማለዳ ተነስታ ወንበሯ ላይ ሆና ጠራችኝ።

«ስኳሬ፣ ሰማሽ? ልጄ ሚስት ሊያገባ ነው አሉ።»

ትናንትና ከትናንት ወዲያ ጠፍተዋል። ንግግሩ፣ ቀሚሱ፣ እጄ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ሊጀመር ነው። ልጄ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ ድሮን ማየት ይቻላል፣ መለወጥ አይቻልም ብሎኛል።

«ማንን?» አልኳት፤ እንቁላሉን ከፊቷ እያስቀመጥኩ።

«አንዲት ፀጉር ሠሪ።»

«እንዴት ያለች ናት?»

አኘከች። አሰበች። ጣሪያውን አየች።

«አሮጊት ናት» አለች። «ግን ዝምተኛ ናት።»

ቁርስ፦ እንቁላል፣ አስኳሉን ጭምር። እንቅልፍ፦ ደህና። ጠባይ፦ እንደ ድሮው አይደለም።

ምንም አላልኩም። ሻዩ እስኪፈላ ድረስ ዝም አልኩ።